የቦርድ አባል ጥቅም ከኩባንያው ጥቅም ጋር ሲጋጭ፦ ከመግለጫ ቅጽ እስከ ጠቅላላ ጉባኤ

ሰብሳቢው «ወንድሜ ቃሊቲ ጥሩ መጋዘን አለው» ይላሉ። ስድስቱ አባላት ዝም ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ውል ያዘጋጃል፣ ይፈረማል። መጋዘኑ በእርግጥ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ኪራዩም ከአካባቢው ዋጋ ያልበለጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ግን ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አላጣራም፣ በቃለ ጉባኤም አልሰፈረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ኪራዩ ሁለት ጊዜ ጨምሮ፣ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ተከፍሎ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ያስጠገነውም ኩባንያው ሆኖ ሲገኝ ነገሩ የተጀመረበትን ስብሰባ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ዝም ያሉት ስድስት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ሰብሳቢው በዕድሜ ይበልጧቸዋል፣ ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፣ ምናልባትም ከመካከላቸው የአንዱን ልጅ ሽማግሌ ሆነው ድረዋል። ፊት ለፊት «ወንድምዎ ስለሆነ እናጣራ» ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። ስለ ቦርድ ሥነ ምግባር የሚዘጋጁ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ይረሱና «አባላት በነጻነት ይወያያሉ» ብለው ያልፋሉ። የሚሠራ ሥርዓት ግን ጥያቄውን ከሰው አፍ አውጥቶ አጀንዳው ላይ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ ጠያቂው ደንቡ ነው፤ የሚቀየሙት ሰው አይኖርም።

ይህ ጽሑፍ ያን ሥርዓት እንዴት መዘርጋት እንደሚቻል ያሳያል። የታሰበው ከጥቂት ደርዘን እስከ ጥቂት ሺህ ባለአክሲዮን ላላቸው ማኅበራት፣ በተለይ ለቦርድ ጸሐፊዎችና አዲስ ለተመረጡ አባላት ነው። ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከዚህ ሌላ የብሔራዊ ባንክን መመሪያዎች ማክበር አለባቸው፤ ባንኩ ስለ ባንኮች አስተዳደርና ከተዛማጅ ወገኖች (ከአመራር አባላት፣ ከዘመዶቻቸውና ከድርጅቶቻቸው) ጋር ስለሚደረግ ግብይት ያወጣቸውን በ2016 ዓ.ም. አሻሽሏቸዋልና አሮጌውን ይዘው እንዳይሠሩ።

የትኛው ግንኙነት ነው የሚቆጠረው?

የጥቅም ግጭት መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ነጋዴ ነጋዴን ነው የሚያውቀው፤ ከንግድ የመጣ የቦርድ አባል ከኩባንያው ጋር የሚገናኝ ዘመድ ወይም ድርጅት ባይኖረው ነው የሚገርመው። ጥፋት የሚሆነው መደበቁና ባለ ጉዳዩ በራሱ ጉዳይ ላይ መወሰኑ ነው። ይህን ቅጹ ላይ በመጀመሪያው መስመር ይጻፉት፤ ሰዎች «ሌባ ናችሁ ተባልን» ብለው እንዳያኮርፉ ይረዳል።

ሕጉ ስለዚህ ዝም አላለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ቁጥር 356 በማኅበሩና በዳይሬክተሩ (በቦርድ አባሉ) መካከል የሚደረግ ውል፣ በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ፣ አስቀድሞ በቦርዱ እንዲጸድቅና ለኦዲተሮች እንዲገለጽ፣ ኦዲተሮቹም ለጠቅላላ ጉባኤው ልዩ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዝዝ ነበር። ዳይሬክተሩ ባለቤት፣ ሸሪክ ወይም ሥራ አስኪያጅ የሆነበት ሌላ ድርጅት ከማኅበሩ ጋር ሲዋዋልም እንዲሁ። ቁጥር 357 ደግሞ ዳይሬክተር ከማኅበሩ እንዳይበደርና ማኅበሩ ለዳይሬክተሩ የግል ዕዳ ዋስ እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ይህን የቆየ ሐሳብ ይዞ የዳይሬክተሮችን የታማኝነትና የጥንቃቄ ግዴታ በግልጽ አስቀምጧል። የውስጥ መመሪያችሁን ስታረቁ የአዲሱን አዋጅ አንቀጾች አጠገባችሁ አድርጉ፤ ከሌላ ኩባንያ የተገለበጡ ብዙ መመሪያዎች ዛሬም የአሮጌውን ሕግ ቁጥር እየጠቀሱ ነው።

ሕጉም ሆነ የሒሳብ ደረጃዎቹ የሚያዩት በዋናነት ትዳርን፣ ልጆችን፣ በእጅ የሚተዳደሩ ቤተሰቦችንና የጋራ ድርጅትን ነው። እኛ ዘንድ ውሳኔ የሚያጣምመው ዝምድና ከዚህ ይሰፋል። አበልጅ አለ፤ የክርስትና ልጅ አለ፤ የሠርግ ሚዜ አለ፤ የጽዋ ማኅበርተኛ አለ፤ ትልቅ እቁብ አብሮ የሚጥል አለ። የሥጋ ዘመድ ያልሆነ አበልጅ ከአጎት ልጅ ይልቅ ሊከብድ እንደሚችል ማንም ያውቃል። ስለዚህ ቅጹ እነዚህን በስማቸው ይጥራ። ዝርዝሩ ማብቂያ እንዳያጣ ግን አንድ መለኪያ ያኑሩ፦ «የዚህን ሰው ጥያቄ እምቢ ብል በቤቴ ወይም በማኅበራዊ ሕይወቴ ዋጋ እከፍላለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ይመዝገብ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የኩባንያውን ዕድል ለራስ መውሰድ ነው። አንድ አባል ኩባንያው ሊገዛው ያሰበውን ቦታ በቦርድ ስብሰባ ሰምቶ በባለቤቱ ስም ቢገዛው፣ ከኩባንያው ጋር የተዋዋለው ነገር ስለሌለ «ግጭት የለም» ይላል። አለ። መረጃውን ያገኘው በቦርድ ወንበሩ ነው። ተፎካካሪ ድርጅት ውስጥ ድርሻ ወይም ሥልጣን መያዝም ከዚሁ ይቆጠራል።

የመግለጫ ቅጹ

ቅጹ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። አሥር ገጽ ቅጽ የሚሞላ ሰው የለም፤ ሁሉም «የለኝም» ብሎ ይፈርማል። የሚከተሉትን ይጠይቅ፦

– አባሉ፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያላቸው ወይም የሚመሩት ድርጅት ስም፣ የንግድ ምዝገባ ቁጥርና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፤
– ለኩባንያው የሚያከራዩት ቤት፣ መጋዘን፣ ተሽከርካሪ ወይም ማሽን፤
– ከኩባንያው፣ ከአቅራቢዎቹ ወይም ከትልልቅ ደንበኞቹ የተበደሩት ወይም ያበደሩት ገንዘብ፣ የሰጡት ዋስትና፤
– በኩባንያው ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ዘመድ፣ ከነሥራ መደቡ፤
– ከላይ በተጠቀሰው መለኪያ የሚገባ ሌላ ቅርበት።

የቲን ቁጥሩን መጠየቅ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቅጹን ሕያው የሚያደርገው ግን እሱ ነው። የድርጅት ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በአሕጽሮትና በሙሉ ሊጻፍ ይችላል፤ ቲን ግን አንድ ነው። ጸሐፊው በየሦስት ወሩ ከሒሳብ ክፍል የተከፋዮችን ዝርዝር ከነቲናቸው ተቀብሎ ከአባላቱ ቅጽ ጋር ያስተያየዋል። በኤክሴል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከብዙ ስብከት የበለጠም ይሠራል። የአቅራቢውን ንግድ ፈቃድ በቲን ቁጥሩ በንግድ ሚኒስቴሩ የኦንላይን ሥርዓት አረጋግጦ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ ማየትም ይቻላል።

ቅጹ መቼ ይሞላ? አባሉ በተመረጠ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከዚያ በየዓመቱ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ በመካከል ለውጥ ሲኖር ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ። ሐምሌ የተመረጠው የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ኦዲተሩ ሥራ ሲጀምር አዲሱን ዝርዝር እንዲያገኝ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስና የግዥ ኃላፊዎቹም ይሙሉ። ቦርዱን ብቻ አስሞልቶ ግዥን የሚተው ድርጅት በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደተወ ነው።

የተሞላው ቅጽ ጸሐፊው ዘንድ ተቆልፎ ቢቀመጥ ምንም አይጠቅምም። ከእሱ የሚወጣ አንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ የአባሉ ስምና የድርጅቶቹ ዝርዝር ብቻ ያለበት፣ በእያንዳንዱ የስብሰባ ሰነድ ጀርባ ይያያዝ። አባላት የሌላውን ጥቅም አስቀድመው ካወቁ በስብሰባው ላይ ማንም ማንንም ማጋለጥ አያስፈልገውም።

በስብሰባው ላይ

አጀንዳና ሰነድ ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት ይላክ። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «በዛሬው አጀንዳዎች ላይ የጥቅም ግንኙነት ያለው አባል ያስታውቅ።» ሰብሳቢው ይህን ጥያቄ ግጭት ቢኖርም ባይኖርም ይጠይቁ። አንድ ሰው ላይ ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ክስ ይመስላል፤ በየስብሰባው ከተጠየቀ ግን እንደ ምልዓተ ጉባኤ ቆጠራ የተለመደ ሥርዓት ይሆናል።

የጥቅም ግንኙነት እንዳለው የገለጸው አባል የሚከተለውን ያደርጋል። ግንኙነቱ ምን እንደሆነና በብር ስንት እንደሚገመት ይናገራል። ጉዳዩ ላይ ጥያቄ ካለ መረጃ ይሰጣል። ከዚያ ከክፍሉ ይወጣል። ድምፅ አለመስጠት ብቻ አይበቃም። ሰው ባለበት ስለ ወንድሙ ኪራይ መከራከር አይቻልም፤ ይሉኝታው ያው ነው፣ ድምፁ አለመቆጠሩ ምንም አይለውጥም። ውይይቱ ሲያልቅ ይመለስና ውሳኔው ብቻ ይነገረዋል፤ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው አይነገረውም።

ባለ ጉዳዩ ሰብሳቢው ራሳቸው ከሆኑ ምክትሉ ይመራል። ምክትል ከሌለ የቀሩት አባላት ለዚያ አጀንዳ ብቻ ከመካከላቸው አንዱን ይሰይማሉ፤ ያም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

ቁጥሩን አስቀድመው ያስሉ። ቦርዱ 7 አባላት ቢኖሩትና በመመሥረቻ ጽሑፉ ምልዓተ ጉባኤው ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 4 ቢሆን፣ 2 ሰዎች ሲወጡ 5 ይቀራሉ፤ 3 ድምፅ ይወስናል። 4 ሰዎች ከወጡ ግን የሚቀሩት 3 ናቸው፤ ቦርዱ መወሰን የለበትም፣ ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል። የወጣው አባል ለምልዓተ ጉባኤ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው በየማኅበሩ ያከራክራል። እንደማይቆጠር አድርጎ መሥራት ይሻላል፤ በኋላ ውሳኔውን ለማፍረስ የሚመጣ ሰው ቀዳዳ አያገኝም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦርድ በአንድ ጉዳይ ላይ ደጋግሞ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ከስብሰባ ሥርዓት ያለፈ ነውና ምርጫው ላይ መነጋገር ይገባል።

ሁለት ቦታዎች ላይ አሠራሩ ይሾልካል። አንደኛው ሰነድ ነው። ባለ ጉዳዩ ከክፍሉ ቢወጣም የተፎካካሪዎቹ ዋጋ ከ5 ቀን በፊት በኢሜይል ደርሶት ከሆነ መውጣቱ ለታይታ ነው። ጸሐፊው ማጠቃለያ ዝርዝሩን እያየ ሰነዱን ለይቶ መላክ አለበት። ሁለተኛው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ብዙ ቦርዶች በተግባር የሚወስኑት እዚያ ነው፤ ስብሰባው ላይ የሚመጣው ያለቀ ነገር ነው። ለጉዳዩ ባለ ጉዳዩ የሌለበት ጊዜያዊ ግሩፕ ይከፈት ወይም ውይይቱ ከስብሰባ ውጭ አይደረግ። በዙም የሚሰበሰብ ቦርድ ደግሞ አባሉን ካሜራ አጥፍቶ እንዲቆይ ሳይሆን ከጥሪው አስወጥቶ ሲያልቅ መልሶ ይጥራው።

ቃለ ጉባኤው ምን ይላል?

ደካማው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይነበባል፦ «የመጋዘን ኪራይ ጉዳይ ቀርቦ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ውሉ እንዲታደስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ከዚህ ማን እንደነበረ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ለምን እንደተመረጠ አይታወቅም። ኦዲተርም ዳኛም ምንም አያገኝበትም።

የሚሻለው ይህ ነው፦

«አጀንዳ 3፣ የመጋዘን ኪራይ ውል እድሳት። ሰብሳቢው አከራዩ ወንድማቸው መሆናቸውን ገልጸው ከቀኑ 4፡20 ከክፍሉ ወጡ። ምክትል ሰብሳቢው መሩ። የተገኙ 5 አባላት። የቀረበው መጠን 600 ካሬ ሜትር፣ በካሬ ሜትር 280 ብር በወር። ጸሐፊው ግንኙነት ከሌላቸው ሦስት አከራዮች ያሰባሰበው ዋጋ 215፣ 220 እና 225 ብር ነው። ዕቃ ለማዛወር የሚያስፈልገው ወጪ 300,000 ብር እንደሚሆን የሥራ ክፍሉ ገምቷል። ቦርዱ በ220 ብር፣ ለአንድ ዓመት፣ ከ3 ወር የማይበልጥ ቅድመ ክፍያ፣ የጣሪያና የግድግዳ ጥገና በአከራዩ እንዲሆን አከራዩ ከተስማሙ እንዲታደስ፣ ካልተስማሙ ግን መጋዘኑ በ60 ቀን እንዲለቀቅ በ4 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ወሰነ። የተቃውሞው ምክንያት፦ የአንድ ዓመት ጊዜው የአከራዩን የመደራደር አቅም ያሳድጋል የሚል ነው። ሰብሳቢው 4፡55 ተመለሱ። ውሳኔው ለውጭ ኦዲተር በደብዳቤ እንዲገለጽ ታዘዘ።»

በ280 እና በ220 ብር መካከል ያለው ልዩነት በወር 36,000፣ በዓመት 432,000 ብር ነው። ያን ገንዘብ ያዳነው ግማሽ ሰዓት የፈጀ ውይይት ነው። የመውጫና የመመለሻ ሰዓት መጻፉን እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩ ጸሐፊዎች አሉ። አይደለም፤ አባሉ በእርግጥ መውጣቱን የሚያረጋግጠው ብቸኛ ማስረጃ እሱ ነው። ቃለ ጉባኤው በ7 ቀን ውስጥ ተጽፎ ይፈረም። ለሦስት ወር የቆየ ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው የሆነው ሳይሆን ቢሆን የሚመረጠው ነው።

ዋጋው ትክክል መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

መልሱ «ሦስት ፕሮፎርማ» ነው ይባላል። ሦስት ፕሮፎርማ ግን ከሦስት ሰው ካልመጣ አንድ ነው። የተለመደው ማጭበርበር አሸናፊ እንዲሆን የተፈለገው አቅራቢ ሦስቱንም አሰናድቶ ማምጣቱ ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ይህን ይመልከቱ፦

ዋጋዎቹን ያስሉ። አንደኛው 1,840,000፣ ሁለተኛው 1,932,000፣ ሦስተኛው 2,024,000 ብር ከሆነ ሁለተኛው በትክክል 5 በመቶ፣ ሦስተኛው በትክክል 10 በመቶ የጨመሩ ናቸው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ነጋዴዎች እንዲህ በልኬት አይለያዩም። እያንዳንዱን ዕቃ በየመስመሩ ሲያዩት ልዩነቱ በሁሉም መስመር እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ እውነተኛ አቅራቢ አንዱ ላይ ይረክሳል፣ ሌላው ላይ ይወደዳል።

የፊደል ግድፈቱን ያስተያዩ። በሦስቱም ላይ አንድ ዕቃ በአንድ ዓይነት ስሕተት ከተጻፈ የጻፈው እጅ አንድ ነው። የዕቃ ዝርዝሩ ቅደም ተከተልም እንደዚሁ። ስልክ ቁጥሩን ይደውሉበት፤ በሁለቱ ድርጅቶች ቁጥር አንድ ሰው ካነሣ አበቃ። የንግድ ፈቃዱ ዘርፍ ከዕቃው ጋር ይገጥማል? የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ለጄኔሬተር ዋጋ ሰጥቶ ከሆነ ቁጥር ለማሟላት የገባ ነው። ቫት ተመዝጋቢ መሆኑን፣ የፈቃዱ ዘመን አለማለፉን ማየትም ይጨመር።

መከላከያው ቀላል ነው። ዋጋ የሚጠየቁትን ድርጅቶች የሚመርጠው ዕቃውን የጠየቀው ክፍል አይሁን። ፕሮፎርማዎቹ በታሸገ ፖስታ ወይም በአንድ የተወሰነ ኢሜይል ይምጡ፤ በአንድ ቀን ሦስት ሰዎች ባሉበት ይከፈቱ፤ ሦስቱም በእያንዳንዱ ገጽ ይፈርሙ። የቦርድ አባል ዘመድ የሚወዳደርበት ግዥ ከሆነ ደግሞ ከሦስት ይልቅ አምስት ዋጋ ይሰብሰብ፤ ቢያንስ ሁለቱ ከዚህ በፊት ከኩባንያው ጋር ሠርተው የማያውቁ ይሁኑ።

ከጸደቀ በኋላ

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ቦርዱ በሥርዓቱ መርምሮ ያጸደቀው ውል ከስድስት ወር በኋላ በ«ማሻሻያ» ይለወጣል፤ ቅድመ ክፍያው ያድጋል፣ ርክክቡ ይዘገያል፣ ቅጣቱ ይተዋል፤ ማሻሻያው ግን ወደ ቦርዱ አይመለስም።

ኢንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ታሪክ በዚህ ረገድ ሊታወቅ ይገባል። በ1999 እ.ኤ.አ. የኩባንያው ቦርድ የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስታው ከኢንሮን ጋር የሚነግዱ የራሱ ሽርክና ድርጅቶችን እንዲመራ የሥነ ምግባር ደንቡ ለእሱ እንዲነሣ ፈቀደ። ግጭቱ ተደብቆ አልነበረም፤ ቀርቦ፣ ተወያይተውበት፣ የመቆጣጠሪያ ደንብ ወጥቶለት የጸደቀ ነው። የጠፋው ክትትሉ ነበር። ቦርዱ ኃላፊው ከሽርክናዎቹ ስንት እንደሚያገኝ ሳያውቅ ቆየ፤ በኋላ በተደረገው ምርመራ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቱ ታወቀ። ኩባንያው በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ስለዚህ የተዛማጅ ወገን ግብይት መዝገብ ይከፈት። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ ተዋዋይና ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ የግብይቱ ዓይነት፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ዋጋው በምን እንደተነጻጸረ፣ የቃለ ጉባኤ ቁጥር፣ ውሉ የሚያበቃበት ቀን፣ እስካሁን የተከፈለ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች የፋይናንስ ክፍሉ በየወሩ ይሙላ፤ ኦዲት ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ይይ። መመሪያው ላይም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ መዝገቡ ላይ ባለ ውል ዋጋ፣ ጊዜ ወይም የክፍያ ሁኔታ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ ቦርድ ካላጸደቀው በኩባንያው ላይ አይጸናም። ያው ዓረፍተ ነገር በራሱ በውሉ ውስጥም ይግባ፣ ሌላኛው ወገን አላወቅሁም እንዳይል።

ሦስት ነገሮች በግልጽ ይከልከሉ እንጂ ለድርድር አይተዉ፦ ለቦርድ አባል ብድር መስጠት፣ በኩባንያው ንብረት ለአባል የግል ዕዳ ዋስ መሆን፣ ለአባል ዘመድ ያለ ባንክ ዋስትና ቅድመ ክፍያ መክፈል። «የሥራ ማስኬጃ ቅድሚያ» እየተባለ ሳይወራረድ ዓመት የሚሻገር ገንዘብ ብድር ነው፤ ስሙ ምንም ይሁን።

የበዓል ስጦታን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ መከልከል እኛ አገር አይያዝም፤ በፋሲካ የመጣ በግ መመለስ ጠብ ነው። ጣሪያ ያውጡ፣ ለምሳሌ ከአንድ አቅራቢ በዓመት ከ2,000 ብር የማይበልጥ። ከዚያ በላይ የሆነው ይመዝገብና ለሠራተኛው የበዓል ዝግጅት ይዋል። ለሰጪው የምስጋና ደብዳቤ በኩባንያው ስም ይጻፍለት፤ ሳይነገረው ስጦታው ለማን እንደደረሰ ይረዳዋል። ጥሬ ገንዘብና የጉዞ ወጪ ግን ጣሪያ የላቸውም፤ አይወሰዱም።

ብቻዎን ሲቃወሙ

ሁሉም ነገር ቀርቶ ቦርዱ ለሰብሳቢው ወንድም ያለ ንጽጽር ቢያጸድቅስ? ዝም ብሎ ድምፅ መከልከል አያድንም። በ1952ቱ ሕግ ቁጥር 364 መሠረት ማኅበሩን የሚጎዳ ነገር እያወቁ በሥልጣናቸው ያለውን ሁሉ ያላደረጉ ዳይሬክተሮች ባልተነጠለ ኃላፊነት (እያንዳንዳቸው ለሙሉ ጉዳቱ) ይጠየቁ ነበር። ነጻ የሚወጣው ጥፋት የሌለበት፣ ተቃውሞውን ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤ መዝገብ ያስመዘገበና ለኦዲተሮች በጽሑፍ ያስታወቀ አባል ነበር። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር፤ ዛሬም ሁለቱን ማድረግ ይሻላል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። በስብሰባው ላይ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ «ተቃውሞዬ ከነምክንያቱ ይመዝገብልኝ» ይበሉ። ቃለ ጉባኤው ሲመጣ ካልተካተተ ልዩነቱን በእጅ ጽሑፍ ጨምረው ይፈርሙ፤ አልፈርምም ብቻ ብሎ መተው ማስረጃ አያስቀርም። በዚያው ሳምንት ለውጭ ኦዲተሩ አጭር ደብዳቤ ይላኩ፦ የስብሰባው ቀንና አጀንዳ ቁጥር፣ የተወሰነው፣ የተቃወሙበት ምክንያት፣ ያያያዙት ሰነድ። ግልባጩን ለቦርድ ጸሐፊው አስገብተው በራስዎ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። ከቦርዱ መልቀቅ ለወደፊቱ ነው እንጂ ያለፈውን ውሳኔ አያጠፋም፤ የሚለቁም ከሆነ ደብዳቤውን አስቀድመው ይጻፉ።

ሠራተኛ የሚያቀርበው ጥቆማ ደግሞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ የሚደርስበት አድራሻ ይኑር። ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቦ የሚያስተዳድር ኩባንያ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አነጋገር «ሕዝባዊ ድርጅት» ነው፤ በእንደዚህ ያለ ድርጅት ውስጥ የሚፈጸም መደለያና ሥልጣንን አለአግባብ መጠቀም የግል ጉዳይ ተብሎ አይታለፍም። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ስለሚሰጥ ጥበቃም አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ሠራተኞች እነዚህ መኖራቸውን ካላወቁ የጥቆማ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ይኖራል።

ኦዲተሩና ጠቅላላ ጉባኤው

የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ኩባንያዎችን ወደ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች አስገብቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ደረጃ ቁጥር 24 ስለ ተዛማጅ ወገኖች ነው። ሪፖርቱ የግንኙነቱን ዓይነት፣ የግብይቱን መጠን፣ ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብን፣ ሁኔታዎቹንና ዋስትናውን፣ እንዲሁም ለቁልፍ የአመራር አባላት የተከፈለውን እንዲገልጽ ይጠይቃል። አንድ ጠቃሚ ነገርም አለው፦ ግብይቱ «እንደ ማንኛውም ገለልተኛ ወገን በተፈጸመ ሁኔታ» ነው ብሎ መጻፍ የሚቻለው ማረጋገጥ ከተቻለ ብቻ ነው። ከላይ የተነገሩት የዋጋ ንጽጽሮችና ቃለ ጉባኤዎች ማረጋገጫው እነሱ ናቸው። በፋይሉ ውስጥ ከሌሉ ኦዲተሩ ያን ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ማስታወሻ እንዲያስወጣ ይጠይቁት።

ባለአክሲዮኖች በአብዛኛው ጥቅምትና ኅዳር ላይ በሚደረገው ጉባኤ ስለ ትርፍ ክፍፍል ጠይቀው ይበተናሉ። የተዛማጅ ወገን ማስታወሻው በሪፖርቱ ኋለኛ ገጾች ነው የሚገኘው፤ መጀመሪያ እሱን ያንብቡ። «ከዳይሬክተሮች ጋር ግብይት የለም» የሚል ከሆነና ኩባንያው የሚሠራበት ሕንፃ የሰብሳቢው እንደሆነ ከተማው የሚያውቅ ከሆነ ሪፖርቱ መልስ ይፈልጋል። ጥያቄውን በቃል ብቻ አያቅርቡ፤ ከጉባኤው በፊት በጽሑፍ ያስገቡና በጉባኤው ላይ እንዲነበብ ይጠይቁ። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦ የውሉ ዋጋ ስንት ነው፣ ከማን ዋጋ ጋር ተነጻጸረ፣ በየትኛው ቀን ቃለ ጉባኤ ጸደቀ፣ ሲጸድቅ ባለ ጉዳዩ ከክፍሉ ወጥተው ነበር? «በቦርዱ ታይቷል» የሚል መልስ ሲሰጥ የቃለ ጉባኤው ቁጥር እንዲነገር ይጠይቁ፤ ካልተነገረም ጥያቄውና አለመመለሱ በጉባኤው ቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ ያድርጉ። በቀጣዩ ዓመት ለቦርድ የሚወዳደሩት ሰዎች ሲቀርቡ ያ ገጽ ግልባጩ ተነሥቶ ከምርጫ ወረቀቱ ጋር አብሮ መቅረብ ይችላል።